የጓድ ሊቀመንበር አስጠኚ

ውድነሽ ባሏን ላሰረባት ሰውዬ ሆዱን እንዲያስገባ እየነገረችው ነበር። «ሆድ ይግባ፣ ደረት ይውጣ፣ አገጭ ቀና ይበል» ትለዋለች፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ባየ በገዛ ሳሎኑ መሐል በካልሲ ብቻ ቆሞ የተባለውን ሁሉ ያደርጋል። ሆዱ ግን ለአፍታ ገባ ይልና ተመልሶ ይወጣል። በሕብረት ሱቅ ስኳር ስንት ዓመት የተገነባ ሆድ በአንድ ጠዋት ልምምድ ከየት ይገባል! ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ቀኑ መስከረም ሁለት፣ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ቅዳሜ። አብዮቱ ዛሬ ሰባት ዓመት ይሞላዋል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በሚዛን ተፈሪ ኳስ ሜዳ፣ ከጅማ በመጡ እንግዳ ፊት፣ ባየ ንግግር ያደርጋል። ንግግሩ ካማረ የውድነሽ ባል ተረፈ ዛሬውኑ ይፈታል። ቃሉን የሰጣት ራሱ ባየ ነው፤ «እኔ ወንድ ነኝ፣ ከአፌ የወጣውን አልውጥም» ብሎ ደረቱን በጣቱ እየነካ። ውድነሽ ወንድነቱን ለሚስቱ ትታ ቃሉን ብቻ ያዘች።

ተረፈ ከታሰረ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው። ጥፋቱ በገዛ ቤቱ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰው ሰብስቦ መጸለዩ ነው። የእነሱ የጸሎት ቤት ከታሸገ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በኋላም ማኅተሙ ተነሥቶ የቀበሌው አዳራሽ ሆነ፤ ከኋላ ያለችው፣ ድሮ ሕፃናት መዝሙር የሚማሩባት ጠባብ ክፍል ደግሞ እስር ቤት ሆነች። ተረፈ እንግዲህ ስንት ዓመት ቆሞ በሰበከበት ቤት ጓሮ ተቀምጦ ቁንጫ ይለቅማል። ክሱ «ያልተፈቀደ ስብሰባ» ይላል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ባየን ያንገበገበው ጸሎቱ አልነበረም፤ ቅናት ነው። እሱ ስብሰባ ሲጠራ ሕዝቡ በአብዮት ጥበቃ ከየቤቱ እየተለቀመ ነው የሚመጣው፤ መጥቶም ያንቀላፋል። ተረፈ ጋ ግን ማንም ሳይጠራቸው፣ እስር ቤት እንደሚያስገባ እያወቁ ይመጣሉ። ባለፈው የወዛደሮች ቀን ባየ ከላይ የተላከለትን ወረቀት ሲያነብ በቅንፍ የተጻፈውን «እዚህ ላይ ይጨበጨባል» የሚለውን ጭምር ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሕዝቡም አጨበጨበ፤ ምን ያድርግ! ወረቀቱ ላይ ሦስት ቦታ ነበር የተጻፈው፤ ሦስቱንም አንድ ሳያስቀር አነበበ።

ታዲያ የዛሬ አሥር ቀን ውድነሽ ለባሏ ምሳ ይዛ ስትመጣ በር ላይ ጠብቆ ያዛት። «ስሚ እስቲ፣ ባልሽ ሰውን ሦስት ሰዓት ቁጭ የሚያደርገው በምንድነው?» አላት። በመንፈስ ቅዱስ ነው ብትለው ተረፈ ላይ ሦስት ወር ይጨመርበታል። ትንሽ አሰበችና «በቆምታ ነው» አለችው። ባየ አልገባውም፤ አልገባኝም ማለት ግን ስላልለመደ «እሱንማ አውቃለሁ» አለ። በማግስቱ አብዮት ጥበቃ ልኮ አስጠራት፤ ትምህርቱም በዚያው ተጀመረ።

ተረፈ ድሮ ለሁለት ወር የሰባኪዎች ኮርስ ወስዶ ይዞት የመጣ ሰማያዊ ደብተር አለ። የንግግር ክፍሎች፡ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ። የተናጋሪ መሣሪያዎች፡ ድምፅ፣ ቅላጼ፣ የዓይን ግንኙነት፣ የእጅ እንቅስቃሴ፣ ቆምታ፣ ማለትም በቃል መሐል ዝም ማለት። ከሁሉ በፊት «አድማጭህን እወቅ» ይላል፣ ሁለት ጊዜ ከሥሩ ተሰምሮበት። ውድነሽ ደብተሩን ለባየ ከማሳየቷ በፊት አንድ ምሽት እርሳስ ይዛ ተቀመጠች። «ምእመናን» የሚለውን ሁሉ ሰርዛ «ሰፊው ሕዝብ» አደረገችው፤ «ሰይጣን» ባለበት «ኢምፔሪያሊዝም» ገባ፤ «ንስሐ» ግለ ሂስ ሆነ፤ «ስብከት» ደግሞ ቅስቀሳ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ማለፉ ራሷንም ገረማት።

ባየን ማስተማር ግን ሥራ አይደለም፣ መከራ ነው። ሰው ፊት ሲቆም ዓይኑ ጣሪያ ላይ ይሰቀላል። «ሰዉን ይዩት» ስትለው ደግሞ አንዱን ሰው መርጦ እስኪያልበው ድረስ ያፈጥበታል። «እንዲህ አይደለም ጓድ ሊቀመንበር፤ ሊያስሩት አይደለም እኮ የሚያዩት» አለችው አንድ ቀን፤ ሳታስበው ከአፏ አመለጣት። እሱ ግን ዝንብ ያህልም አልተሰማው። እጁም አስቸጋሪ ነው፤ ሲናገር ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ሳንቲም ይቆጥራል፣ ግራው በልማድ ቡጢ ጨብጦ ወደ ላይ ይወጣል። ከሁሉ የከፋው ቆምታው ነው። «ዝም ካልኩ እኮ ረሳው ይሉኛል» ይላል። «ይበሉ። በሆድዎ እስከ ሦስት ይቁጠሩ። ግማሹ ሰው አማርኛውን ወደ ቤንችኛ፣ ወደ ሸኮኛ፣ ወደ ካፍኛ ወስዶ እስኪያየው ጊዜ ይፈልጋል። እርስዎ እየሮጡ መደምደሚያው ላይ ሲደርሱ እሱ ገና ‹ጓዶች› ላይ ነው» አለችው። ይህን ከደብተር አላገኘችውም። እሷም ቤንች ናት፤ አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት፣ በአለንጋ ነው።

አሁን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ውድነሽ ራሷ ለማንም ትንፍሽ ያላለችውን። ደብተሩ የተረፈ ነው፤ ስብከቶቹ ግን የእሷ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ እያጠበች እንዲህ ቢባልስ፣ እንዲያ ቢባልስ ትላለች፤ ተረፈ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። «አዎ፣ አዎ፣ አስታወስሽኝ» ይላል፣ ጨርሶ ያላሰበውን። እሑድ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፤ ሲጣደፍ ሻሿን ነካ ታደርጋለች፣ እሱም ፍጥነቱን ይቀንሳል። አሥር ዓመት እንዲህ ሆነ። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድም ቀን እዚያ የመስበኪያ ሳንቃ ላይ ወጥታ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ማንም ተናገሪ አላላትም፣ እሷም መናገር እችላለሁ ብላ አታውቅም። ተረፈ በድምፁ ያምራል፣ ቁመናም አለው፤ እሷ ስትደነግጥ አማርኛው ጥሏት ይጠፋል።

ባየ ለበዓሉ ከጅማ የተላከለትን ንግግር በቃሉ አልይዝ አለ። «የምርት ኃይሎች» እና «የምርት ግንኙነቶች» አፉ ውስጥ እየተጠላለፉ አስቸገሩት። ሰባት ቀን ለፍታ ሰባቱም ቀን ባከነ። ሁለት ቀን ሲቀረው ግን ተረት የመሰለ ነገር ከሆነ እንደሚይዝ አየች፤ የጎረቤት ሐሜት አንዲት ቃል አይጠፋበትምና። ስለዚህ ከስብከቶቹ ሁሉ የታወቀውን «የቡናው ጉቶ»ን ሰጠችው። ምን አለበት፣ ኳስ ሜዳ ላይ ማን ያስተውላል ብላ። እንግዳው የጅማ ሰው ናቸው፣ ባየ የጎጃም ሰው ነው፤ እሑድ ጸሎት ቤት ገብተው ሰምተውት አያውቁ።

የጠዋቱ ልምምድ ሲያልቅ ውድነሽ ምሳውን ለመያዝ ወደ ቤቷ ሄደች። መንገድ ላይ ጨው ነጋዴዋን እትዬ ዙሌይካን አገኘቻቸው፤ መጋረጃቸውን አውርደው ሱቃቸውን እየዘጉ ነበር፤ ዛሬ ያልተገኘ ሱቁ ይታሸጋል ተብሏል። «ከቴፒ መኪና ካልገባ ጨው ይወደዳል ብዬ ነበር፣ ይኸው ጭቃው አገተው» አሏት፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ያ ጉደኛ ዛሬም ቅንፉን ያነባል?» አሉ። ውድነሽ ሳቀች። ከተማው ውስጥ እሷ ባየን እንደምታስጠና የማያውቅ የለም፤ ደፍረው የሚያነጋግሯት ግን እትዬ ዙሌይካ ብቻ ናቸው። እቤቷ ስትደርስ የተረፈ ታላቅ እህት አማረች ምሳውን ዘንቢል ውስጥ አድርጋ በሩ አጠገብ አስቀምጣዋለች። ወንድሟ ከታሰረ ጀምሮ እዚያው ቤት ናት፤ ውድነሽ የባየን ደጅ ከረገጠች ጀምሮ ግን ትንፍሽ ብላላት አታውቅም። አንድ ወጥ ይበላሉ፣ አንድ ባልዲ ውኃ ይቀዳሉ፣ ጨው ሲጎድል አማረች የጨው ዕቃውን ገፋ ታደርግላታለች። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ከመቆየት በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር እያለች ውድነሽ ታስባለች። «ዛሬ ይፈታል፣ ቃል ሰጥቶኛል» አለቻት ነጠላዋን እያጣፋች። አማረች ተነሥታ ጓዳ ገባች። የገዛ ባሏን የምታስፈታው ያሠረውን ሰው አፍ እየፈታች መሆኑን ለዚች ሴት በምን ቋንቋ ያስረዷታል፤ ውድነሽ ዘንቢሉን አንሥታ ወጣች።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ዝናቡ ወረደ። የሚዛን ዝናብ አብዮት አያከብርም፤ ኳስ ሜዳውን በሩብ ሰዓት ውስጥ ኩሬ አደረገው። የሰባተኛው ዓመት መፈክር የተጻፈበት ጨርቅ ቀለሙ ፈሶ ቀይ ውኃ መንጠባጠብ ጀመረ። ከጅማ የመጡት ጓድ ኃይለጊዮርጊስ በላንድሮቨራቸው ውስጥ ሆነው መስኮቱን ጣት ያህል ዝቅ አደረጉና «አዳራሽ የላችሁም?» አሉ። ነበር እንጂ። አዳራሽ ሲባል ውድነሽ ጉቶው በዚያው በተሰበከበት ቤት ሊነገር መሆኑ ገባት፤ ማን ይስማት፣ ሕዝቡ እየሮጠ ነው። ሰዎቹ እርጥብ ጋቢያቸውን እያራገፉ ገቡና፣ ማንም ሳያዛቸው፣ እግራቸው እየመራቸው፣ ወንዱ በቀኝ ሴቱ በግራ ሆኖ የድሮ ቦታቸው ላይ ቁጭ ቁጭ አሉ። ሁለት ዓመት እዚህ ቤት ለስብሰባ ሲነዱ በር በር ላይ ነበር የሚቆሙት፤ ዛሬ ዝናብ አስገባቸው። ውድነሽም ራሷን ሦስተኛው አግዳሚ ላይ አገኘችው። አግዳሚዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ከፊት ያለችውም ሳንቃ እሷው ናት፣ ቀይ ጨርቅ ለብሳ። ከግድግዳው ኋላ ተረፈ አለ። ሲያስል ተሰማት፤ ሳሉን ከሺህ ሳል ትለየዋለች።

ባየ ሲወጣ ሆዱ ለአፍታ ገባ። ማይክራፎኑ እጁን እንዳያስረው በማለት አንሥቶ እንግዳው ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ እጅ ነፃ ይሁን ያለችው እሷ ናት፣ እንግዳው ፊት ይቀመጥ ግን አላለችም። «ጓዶች» አለ። ቆመ። ከንፈሩ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሲል ይታያል። «ያረጀ የቡና ዛፍ ታውቃላችሁ።» እዚህ አገር ቡና የማያውቅ የለም፤ ከነፍሳቸው ቀጥሎ የሚያውቁት እሱን ነው። «አባቴ ያረጀውን ቡናውን በበጋ አንድ በአንድ ከሥሩ ሲጎነድለው እኔ ሕፃን ነበርኩ። እናቴ አለቀሰች። ጎረቤት አበደ አለው።» የባየ አባት ጎጃም ውስጥ ገብስ ነው የሚያመርቱት፤ የቡና ዛፍ በሥዕልም ሳያዩ አይቀሩም። ያ ቡናውን የጎነደለው አባት የውድነሽ አባት ነው፤ ያለቀሰችውም እናት እናቷ ናት። ጉቶዎቹን እየዞረች በእጇ እየዳሰሰች የበረዱ መሆናቸውን ያየችው ራሷ ነበረች፣ በስድስት ዓመቷ። ከዚያ በኋላ የመጣው የተረፈ ድምፅ ነው፤ አሁን ደግሞ የባየ። የራሷን ልጅነት ከሰው አፍ መስማት ለምዳው ነበር፤ ዛሬ ግን ባየ «እናቴ» ሲል «የኔ ናት» ልትል ምንም አልቀራት።

ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ያሉት አሮጊት ቀና አሉ። ከኋላ አንዱ አንዱን በክርን ጎሰመ። አወቁት። ያልታሰበው ነገር ደግሞ ባየ ጎበዝ ሆነ። ሰው ሲያዳምጠው አይቶ ስለማያውቅ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ደስ አለው፤ ቀጥሎ ደስታው ሆዱን አስረሳው። ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሰው ወደ ፊት ዘንበል ይላል፣ ከፍ ሲያደርግ ይመለሳል። «ዓመት ሙሉ ጉቶ ነበር። አላፊ አግዳሚው ይቀመጥበት ነበር። ፍየል ታከከበት።» ቆመ። በቆምታው ውስጥ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይሰማል። «አንድ ጠዋት አባቴ ጠራኝ። ከጉቶው ጎን ሦስት ቀንበጥ።» አሮጊቷ መወዛወዝ ጀመሩ። ውድነሽ ሻሿን ነካች፤ ነገሩን እንዲያሳጥረው፣ በቶሎ ወደ ፊውዳሊዝም እንዲሻገር። ባየ ግን እሷን የት ያያታል! የደብተሩን መደምደሚያ እንዳለ፣ ያለ አንዲት ስርዝ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ አወረደው፦ «ሥሩ ያለው ይነሣል!»

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

ሁለት መቶ ሰው በአንድ አፍ። ሁለት ዓመት ታፍኖ የቆየ አሜን ነው፤ ቆርቆሮውን ያነሣዋል። ከሁሉ በላይ የተሰማው ግን ወፍራሙ ነበር፤ በማይክራፎኑ አልፎ፣ ውጭ ባሕር ዛፍ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ እስከ ገበያው የሄደው። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ከልጅነት ዲቁናቸው ጥልቅ አውጥተው «አሜን» ብለው ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ዝምታ ባየ አልቆጠረውም። ማንም ማንንም አላየም። አንድ አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራው አዛወረ፣ ሌላ የሚያደርገው ስላጣ። ሁለት መቶ ሰው ይታሰር ቢባል እስር ቤቱ ዘጠኝ ሰው ነው የሚይዘው። ጓድ ኃይለጊዮርጊስ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ማይክራፎኑን አዩት፣ ማይክራፎኑም እሳቸውን። ሳሉ። «ይለምልም!» ብለው ግራ እጃቸውን ወረወሩ። ሕዝቡም ነፍሱ መለስ አለችለትና «ይለምልም!» ብሎ አስተጋባ። ምኑ ይለምልም ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያማ ምን አለፋችሁ፣ ሙገሳው ጎረፈ፤ እንግዳው ላባቸውን እየጠረጉ እንዲህ ያለ ቀስቃሽ በክፍለ ሀገሩ አላየሁም፣ በኅዳር ጅማ ላይ በሚደረገው ትልቅ ስብሰባ ጓድ ባየ ንግግር ያደርጋል አሉ።

ባየ ፊቱ እንደ ተቀባ ጫማ እያበራ ወረደ። ወደ ወንበሩ ሲያልፍ ሦስተኛው አግዳሚ ጋ ጎንበስ አለ። «ሰማሽ? ጅማ! እንግዲህ እስከ ኅዳር ሥራሽን አትተዪ።»

«እሺ። ተረፈስ?»

«እሱ እዚያው ይቆይ። እሱ ከወጣ አንቺ ትመጫለሽ?»

«ቃልዎስ ጓድ ሊቀመንበር?»

«ቃሌማ አለ። ቀኑ ነው የተራዘመ» አለና ሄዶ ተቀመጠ፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ውድነሽ ዘንቢሉን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቀረች። ንግግሩ ቢበላሽ ኖሮ ተረፈ ይፈታ ነበር ይሆን ብላ አሰበች፤ አይ፣ ያኔማ ስለ ተበላሸ እዚያው ይቆይ ነበር። ያሠራት የራሷ ጉብዝና ነው። እንዲህ ያለ ንዴት ይዟት አያውቅም። ጸሐፊው በዚህ መሐል «ጥያቄና አስተያየት ያለው» ብሎ ደብተሩን መዝጋት ጀምሮ ነበር። ይህ ለወጉ የሚባል ነው፤ በሰባት ዓመት ውስጥ እጁን ያወጣ ሰው አልታየም። ውድነሽ እጇን አወጣች። ቀኟ ዘንቢሉን ስለያዘ ያወጣችው ግራዋን ነው፤ መዳፏ ውስጥም የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ነበር።

«እ... ጓዶች» አለች ተነሥታ። መግቢያ ያስፈልጋል። መግቢያ ጠፋ። ዓይኗን ወደ ሰዉ ልትልክ ሞከረች፤ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ተሰቀለ፣ ልክ እንደ ባየ። ድምፅ ከሆድ ይውጣ ብላ ስታስተምር ነበር፤ የሷ ከአፍንጫዋ ወጣ። «እኔ ውድነሽ... የ... ባሌ እዚያ ነው፣ ግድግዳው ኋላ።» ሰው መተፋፈር ጀመረ። ቅላጼ የለ፣ ሐተታ የለ፤ አማርኛው እየጣላት ነው፤ «ሃያ ሦስት ቀን። ሸሚዝ... ያው ሸሚዝ ነው። ያስላል። ሌሊት ሌሊት ይበርዳል ጓዳው፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ ልጆቹ ሲማሩበት እኔ ነበርኩ የምጠርገው።» ቆመች። ይህ ቆምታ አልነበረም፤ ቃል ማለቅ ነው። እንባዋ ሲመጣ ተናደደችና ያለ የሌለ ድምጿን ሰብስባ «ይፈታ!» አለች።

እጇ እንደ ወጣ ነው። ማውረዱን ረስታዋለች። ግራ እጅ፣ የተጨበጠ ቡጢ፣ አንድ አጭር ቃል፦ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህ ሲታይ ምን እንደሚደረግ ይህ ሕዝብ ተኝቶም ያውቃል። መጀመሪያ የወጣው የእትዬ ዙሌይካ ቡጢ ነው። «ይፈታ!» አሉ ከበሩ አጠገብ። «ይፈታ!» አለ የሴቶቹ ወገን። «ይፈታ!» አለ አዳራሹ በሙሉ፤ መፈክር ሦስት ጊዜ ነውና ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንም አለ። በሦስተኛው ላይ ባየ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ ግራ እጁን ወደ ጣሪያው ልኮ፣ የአንገቱ ሥር ተገትሮ «ይፈታ!» ሲል ሁለት መቶ ሰው አየው። አፉን ከዘጋ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። ጸሐፊው ደግሞ የለመደውን አደረገ፤ ደብተሩን እንደገና ከፍቶ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ ጻፈ።

«የሚፈታው ማነው?» አሉ ጓድ ኃይለጊዮርጊስ። «ምን አድርጎ ነው?»

ባየ ለመናገር አፉን ከፈተ። ሰውየው ሰው ሰብስቦ ስለ ጸለየ ነው ሊል ነው፤ በዚህ ቤት፣ ዛሬ፣ ለእኒህ ሰው። ማይክራፎኑን አየ። «ሰ... ሰው ሰብስቦ ነው ጓድ» አለ።

«ሰው ሰብስቦ?» እንግዳው ጠረጴዛውን መቱ። «በየሪፖርታችሁ ሕዝቡ ለስብሰባ አይወጣም ትሉናላችሁ! ሰው መሰብሰብ የሚችል ሰው ይዛችሁ ታስሩታላችሁ? ፍቱት!» ሰዓታቸውንም አዩ። ወንዙ ሳይሞላ መሻገር ነበረባቸው፤ ስለ አሜንም ከዚህ ወዲያ አንድ ቃል እንዲነሣ አልፈለጉም።

ስድስት ሰዓት ላይ ተረፈ ወጣ። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፤ ሸሚዙ ያው ነው። አማረች ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ከዚያ ወደ ውድነሽ ዞረችና ምንም ሳትናገር ዘንቢሉን ከእጇ ተቀብላ ወደ ፊት ሄደች። ዝናቡ አባርቷል። ሦስቱም በጭቃው ጠርዝ ጠርዝ እየረገጡ ወደ ቤት አቀኑ፤ ሰው ከየደጁ አንገቱን ዝቅ እያደረገ ሰላም ይላቸዋል። ውድነሽ የባሏን ክርን ይዛ ደስታዋን ልትነግረው ቃል ትፈልጋለች። ተረፈ ግን ፊቱ ከብዷል።

«ጉቶዬን ለዚያ ሰውዬ ሰጠሽው» አለ።

ውድነሽ ክርኑን ስባ ከኩሬ አሳለፈችው።

«በግድግዳው ሰማሁት። መደምደሚያውን እንኳ አጣድፎታል። የኔ ነገር እንዲህ ሲሆን...» ራሱን ነቀነቀ። ጥቂት እንደ ሄዱ ደግሞ፣ እየለሰለሰ፣ «የመጨረሻዋ ግን፣ ያንቺዋ... ሸሚዙን፣ ሳሉን ያልሽው። አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም። ማን አስጠናሽ?»

ውድነሽ መንገዱ መሐል ቆመች። የያዘችውን ክርን ለቀቀችው።

«ማን አስጠናሽ ነው ያልከኝ?»

«ማለቴ...»

«ያ ጉቶ የአባቴ ጉቶ ነው ተረፈ። ያለቀሰችው እናቴ ናት። ቀንበጡን ያየሁት እኔ ነኝ። አሥር ዓመት ‹አስታወስሽኝ› ስትለኝ ምኑን ነበር ያስታወስኩህ? የረሳኸው ነገር ነበር?» ድምጿ መንደሩን አዳርሷል፤ አማረች ዞራ ቆማለች። «እወድሃለሁ፣ ሃያ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ግን አስጠኚ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅ።»

ተረፈ ጎንበስ አለ። ጫማው ላይ ያለውን ጭቃ አየ። ሰባኪ ነውና ቃል ማጣት አይወድም፤ ደጃቸው እስኪደርሱ ግን አንድም አላገኘም። ደጁ ላይ ሲደርሱ፣ ዓይኑን ሳያነሣ፣ እንደ ልጅ ቀስ ብሎ፣ «ነገ እሑድ ነው፤ እነዚያ አሥራ አንዱ መምጣታቸው አይቀርም። ምን ልናገር?» አላት።

«ነገ የምናገረው እኔ ነኝ» አለች ውድነሽ፣ ቁልፉን እየከፈተች። «አንተ ሦስተኛው በርጩማ ላይ ትቀመጣለህ።»